ሃያ አንደኛው እጥበት

ሰው ሁሉ አንድ አመል አያጣም፤ የእሷ አመል ማጠብ ነበር። በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ብርጭቆ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንኳ በዚያ ካለፈች አንስታ ወደ ብርሃን ታየዋለች። ከዚያ «አንዴ ደግሞ» ትልና ይዛው ወደ ውኃው ትመለሳለች። ባልደረቦቿ ይህን ቃሏን ወስደው ስም አወጡላት። «አንዴ ደግሞን አይታችኋታል?» ይባባላሉ። እሷ አትቆጣም፤ እንዲያውም በልቧ ትኮራለች። የምታጥበው ነገር እንደ ሳህንና ድስት በዋዛ የሚታጠብ አልነበረምና።

የምታጥበው የሰው የአየር ቧንቧ ነው። ከሞተ ሰው፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ የተሰጠ፤ ርዝመቱ ከአንድ ጎልማሳ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ከፊቱ በልም አጥንት ቀለበቶች የተደገፈ፣ ከኋላው ለስላሳ። ይህ ቧንቧ እንዳለ ለሌላ ሰው ቢገጠም ገላው ባዕድ ነው ብሎ ይዘምትበታል። ስለዚህ በሳሙናማ ፈሳሽ፣ ከዚያ በጨው ውኃ፣ እንደገና በሳሙናማው ፈሳሽ እየታጠበ የሟቹ ሕዋሳት እንዲወጡ ይደረጋል። የሚቀረው ወተት የመሰለ ነጭ ቅርጽ ብቻ ነው። በዚያ ቅርጽ ላይ ከታማሚው ከራሱ የተወሰዱ ሕዋሳት ይዘራሉ፤ እነሱ ተራብተው ሲሸፍኑት ቧንቧው የታማሚው የራሱ ይሆናል። ሐሳቡ ይህ ነው። ቤተ ሙከራው እስካሁን በሁለት ሰዎች ላይ ሞክሮት አንዱ ይተነፍሳል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ከቁመቷም ያጠረ ሐኪም፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን የምታስረዳው በአንድ አነጋገር ነው። «ተከራዩን እናስወጣለን፤ ቤቱን አናፈርስም። ገባችሁ?» ለአጣቢዋም ከስምንት ዓመት በፊት እንዲሁ ብላታለች። ገብቷት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ስታጥብ አንድም ቤት አላፈረሰችም።

ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ነበር ቢባል ይሻላል። ከመቀሱ ይልቅ በምላሱ ደንበኛ የሚያመጣ፣ ሰው ፀጉሩ ሳያድግ ወሬው ናፍቆት የሚመጣለት ዓይነት ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ገጭቶት አርባ ቀን በማሽን ተነፈሰ። ነፍሱን ያተረፈለት ቱቦ የአየር ቧንቧውን ውስጡን ልጦት ኖሮ፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን አጠበበው። ሦስት ጊዜ አሰፉለት፤ ሦስቴም ተመልሶ ጠበበ። በመጨረሻ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ከፍተው አጭር ቱቦ አስገቡለት፤ በእሱ ይተነፍሳል። መናገር ሲያምረው የቱቦውን አፍ በጣቱ ይደፍናል፤ ያኔ በጠባሳው ሾልኮ የሚያልፈው ትንሽ አየር ቀጭን ድምፅ ይሆንለታል። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ካወራ ይደክመዋል፤ ግን መቼ ተወና!

አንገቱ ላይ ቀዳዳ ያለው ፀጉር አስተካካይ እንዴት ብሎ ይሥራ? አንድ እጁ መቀስ ላይ፣ አንድ እጁ አንገቱ ላይ፤ የደንበኛው ፀጉር ደግሞ እየበነነ ቀዳዳው ውስጥ። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ጢም ሲላጭ ሳል አፈነውና ሰውዬው በግማሽ ጢማቸው፣ ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ተዘጋ። እሱም ጓዙን ጠቅልሎ እህቱ ቤት ገባ።

በየጠዋቱ የቱቦው ውስጠኛ ክፍል ወጥቶ መታጠብ አለበት፤ አክታ ይደርቅበታል። ይህ የእሷ ሥራ ነው። እሱ መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠምዝዞ ያወጣና ይሰጣታል፤ እሷ በቀጭን ብሩሽ ትፈትገዋለች፣ ወደ ብርሃን ታየዋለች፣ እንደገና ትፈትገዋለች።

«ልታጥቢው ነው ልትበሺው?» ይላታል።

«ዝም በል አንተ!»

«ዝም ብያለሁ እኮ። የሚያወራው ጣቴ ነው።»

እሷ ትስቃለች። ይህች የጠዋት ቀልድ ባትኖር ኖሮ ያን ዓመት እንዴት አድርጋ ታልፈው እንደነበር አታውቅም።

ቀዶ ሐኪሙ በቅርቡ ሁለቱንም አስቀምጦ እውነቱን ነግሯቸዋል። ጠባሳው ወደ ታች እየወረደ ነው። ቆርጦ ለመቀጠል ረዝሟል። «ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት» አለ። «ጠባሳው ቱቦው ካረፈበት ካለፈ እኛም የምናሳርፍበት ቦታ አይኖረንም።» የቀረው መንገድ አዲስ ቧንቧ ነው፤ ለእሱም አሥራ አንድ ወር ጠብቀዋል። መጀመሪያ የተገኘው ሰፍቶ አልሆነም። ሁለተኛው የአጫሽ ነበር፤ ቀለበቶቹ ደርቀው እንደ ሸክላ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው የአንድ ወጣት ሰው ነበር፤ ልኩ ልክ፣ ሮዝ፣ ጤነኛ። ኃላፊዋ በትሪው ላይ ስታየው «ለወንድምሽ የተሰፋ ይመስላል» አለች።

ደንቡ ዘመድ የዘመዱን አይንካ ይላል። ግን ሌላዋ አጣቢ ወልዳ ቤቷ ናት፤ ቧንቧው ደግሞ አይጠብቅም። ኃላፊዋ አጣቢዋን ቢሮዋ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«እጅሽን ነው የምፈልገው» አለቻት። «ልብሽን በር ላይ ትተሽው ግቢ። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፣ ዶክተር።»

ልብ ግን እንደ ጫማ በር ላይ የሚወልቅ ነገር አይደለም።

አሥራ ሰባት ቀን፣ አሥራ ሰባት እጥበት። እያንዳንዱን በመዝገቡ ጻፈች፤ ሰዓቱን፣ የፈሳሹን መጠን፣ ፊርማዋን። ሮዙ ወደ ሐመር፣ ሐመሩ ወደ ነጭ ሄደ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከጫፉ ስስ ቅዳጅ ተወስዶ ቀለም ተነከረና በማይክሮስኮፕ ታየ። ያልወጣ ሕዋስ ካለ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይበራል። የተፈቀደው እስከ ሃምሳ ነው፤ የተገኘው አሥራ ዘጠኝ። ኃላፊዋ ቧንቧውን በሁለት ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ወዲያው ተመልሶ ቆመ።

«እንከን የለውም» አለች። «በቃ። እንዳትነኪው። የወንድምሽ ሕዋሳት እስኪደርሱ በጨው ውኃ ይቆይ።»

ፈረመች፤ በማግስቱም ለአራት ቀን ስብሰባ ሄደች።

አጣቢዋ ከአሥራ ዘጠኙ ነጥቦች ጋር ብቻዋን ቀረች። ብዙ እንዳልሆኑ ታውቃለች። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድም ቀን አታስባቸውም ነበር። የሌላውን ሰው ግን በልጅነቱ ጀርባውን አላጠበችውም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ልጅ ገንዳ ውስጥ አቁመው አንገቱን ሲፈትጉት፣ እሱ እየጮኸ፣ እሷ ውኃ እያቀበለች፣ ጆሮው እስኪቀላ «አንዴ ደግሞ፣ የኔ ጌታ፣ አንዴ ደግሞ» ይሉት ነበር። ቃሉም አመሉም ከእሳቸው የወረሰችው ነው። አሁን በዚያው አንገት ውስጥ የማይታወቅ ሰው አሥራ ዘጠኝ እድፍ ሊቀር ነው። ገላው በአሥራ ዘጠኙ ምክንያት ቢያምፅስ? «ትንሽ ቀርቶት ነበር» ብለው ቢነግሯትስ?

በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ ቧንቧውን ከማቀዝቀዣው አወጣችና ሳሙናማውን ፈሳሽ ቀዳች። አንዴ ደግሞ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። በመዝገቡ አልጻፈችውም። ያልጻፈችው ክፉ ሥራ መስሏት አይደለም፤ ማንም የማያውቀው የራሷ ስጦታ እንዲሆን ፈልጋ ነው። በአራተኛው ቀን ቅዳጅ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየች። መስኩ ጥቁር ነበር፤ አንድም ነጥብ የለበትም። ዓይኗን ሳታነሣ በደስታ አለቀሰች። ቧንቧውን በጣቷ ጫን አድርጋ አላየችውም። እንዲህ የጸዳን ነገር መንካት አልፈለገችም።

ኃላፊዋ ስትመለስ የወንድሟ ሕዋሳት ደርሰው ነበር፤ ከአፍንጫው ውስጥና ከዳሌ አጥንቱ የተወሰዱ። ሲዘሩ ቅርጹ እንዳይዛነፍ በቧንቧው ውስጥ የመስታወት ዘንግ ይገባል። ነጩ ቧንቧ ዘንጉን ለብሶ በሞቀ ፈሳሽ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ገባና ሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ይዞር ጀመር። ዘንጉ ደግፎት ስለነበር ሲያዩት ምንም አልጎደለውም።

አንድ ቀን ወንድሟን አምጥታ በመስኮቱ አሳየችው። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ።

«እኔ ነኝ ያ?» አላት፣ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ።

«አንተ ነህ።»

«እንደ ዶሮ ጥብስ ነው እንዴ የሚያዞሩኝ!» ሳል ያዘው፤ ሲተወው ጣቱን መለሰ። «እታለም፣ የምነግርሽ አለ። ትናንት ሱቁን ከፍቼ መስታወቱን ወለወልኩት። መቀሶቼንም አስሳልኩ። መጀመሪያ የምቆርጠው ያንቺን ፀጉር ነው፤ ሁለቱም እጄ ነፃ ሆኖ።»

«ብዙ እንዳታሳጥረው ታዲያ።»

«ያንን ያኔ እንነጋገራለን። አፌ እኮ ይከፈታል።»

እሷ ስለ አራቱ እጥበቶች ልትነግረው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዳነ ሲባል፣ ቁጭ ብሎ ሲቀልድ ልትነግረው ስለፈለገች ዋጥ አደረገችው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ወንድሟን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገፉት። እጇን ይዞ «ስወጣ ብዙ ነው የማወራው፤ ጆሮሽን አዘጋጂ» አላት። እሷም ዕቃውን በሁለት እጇ ታቅፋ በኮሪደሩ አለፈች፤ ሰው ሁሉ ጥግ እየያዘ መንገድ ለቀቀላት። ስትገባ ወንድሟ ተኝቷል። አንገቱ በአረንጓዴ ጨርቅ ተከብቦ የሚቆረጠው ቦታ ብቻ ይታያል። ማሽኑ ይተነፍስለታል።

ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ገና አላነሣም። «አንገት ከመክፈቴ በፊት ዕቃዬን ልየው» አለ። ልማዱ ነው።

ኃላፊዋ ቧንቧውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ አኖረችና የመስታወቱን ዘንግ በቀስታ ሳበችው። ዘንጉ ወጣ። ቧንቧው ለአፍታ ቅርጹን እንደያዘ ቆየ፤ ከዚያ በገዛ ክብደቱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ እንደ ረጠበ ካልሲ ተኛ።

ሐኪሙ በጣቱ ጫፍ ከፍ አደረገው፤ ተኛ። እንደገና ከፍ አደረገው፤ ተኛ።

«ይሄ አይቆምም» አለ። «አየር ሲስብ ግድግዳው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ይሄን ባስገባለት ከዚህ ጠረጴዛ አይነሣም።»

«ውስጡ የብረት መረብ ቢደረግበትስ?» አለች አጣቢዋ። ድምፁ የሷ መሆኑን ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት ነው ያወቀችው።

«ብረቱ ይቀደዋል።»

«በውጭ በኩል ደግፈን ብንሰፋውስ?»

«የምሰፋበት ጥንካሬ የለውም።» ሐኪሙ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ስንት ጊዜ ነው የታጠበው?»

«አሥራ ሰባት» አለች ኃላፊዋ። «ስንጨርስ እኔ ራሴ ፈትኜዋለሁ፤ ጠንካራ ነበር። መዝገቡ አለ።»

«ሃያ አንድ» አለች አጣቢዋ።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ ዞረች። ማሽኑ ለወንድሟ ይስባል፣ ለወንድሟ ያስወጣል።

«ሃያ አንድ?»

«እርስዎ ሲሄዱ አራት ጊዜ አጠብኩት። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ቀርቶ ነበር።»

«አሥራ ዘጠኝ እኮ ምንም ማለት አይደለም!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ!» ኃላፊዋ ጮኸች፤ ወዲያው የተኛውን ሰው አየችና ድምፅዋን ዋጠች። ጓንቷን አወለቀች፤ የምታስቀምጥበት ጠፍቷት በእጇ ያዘችው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልብሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ የምልሽ እኔ ማን ነኝ? እጅሽንም በር ላይ ማስቆም ነበረብኝ።»

ብትሰድባት በተሻላት ነበር። አጣቢዋ የረጠበውን ነጭ ነገር ትመለከታለች። ንጹሕ ነው። በሕይወቷ ከዚያ የጸዳ ነገር አጥባ አታውቅም። ሳሙናው ሕዋሳቱን ጨርሶ የሚበላው ሲያጣ ቀለበቶቹን ያቆመውን በልቷል፤ ይህንን ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች፣ ለሁለት አዳዲስ ሠራተኞችም አስተምራዋለች።

«ሌላ ከተገኘ እንጠራችኋለን» አለ ሐኪሙ። አሥራ አንድ ወር የፈጀውን ነገር በቀሩት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ከተገኘ» ሲል ዓይኗን አላያትም። ሕዋሳቱም ሁሉ በዚህኛው ላይ አልቀዋል፤ እንደገና ከአፍንጫው፣ እንደገና ከዳሌው። «ቀስቅሱት» አለና ሄዶ እጁን መታጠብ ጀመረ።

እኔ ልንገረው ብላ ለመነች። ፈቀዱላት። ሲነቃ አልጋው አጠገብ ነበረች። እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንገቱ ነው። ቱቦውን አገኘው፤ አልደነገጠም። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለአንድ ሳምንት እንደሚቆይ ተነግሮታልና። ፈገግ አለ። ጣቱን በዝግታ አደረሰው።

«ምንም አላመመኝም እኮ» አለ። «ምንም! እጃቸው ይባረክ። እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው!»

«ወንድማለም።»

«እ?»

«አልገባልህም። አንገትህን አልከፈቱትም።» አንሶላውን ይዛ ታስተካክላለች፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። «ቧንቧው ተበላሽቷል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይበቃል ከተባልኩ በኋላ አራት ጊዜ ጨመርኩበት። አጥቤ አጥቤ ጨረስኩት።»

አያት። የሚለውን የፈለገ ይመስል እጁ ወደ አንገቱ ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ደርሶ ደረቱ ላይ አረፈ። ለመናገር ጣት ማንሣት ያለበት ሰው ዝም ማለት ይቀለዋል። እሷ ስድብ ጠበቀች፣ ለቅሶ ጠበቀች፣ ቀልድም ጭምር ጠበቀች። የመጣው የቱቦው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ማታውኑ ወደ ቤት ለቀቋቸው፤ የሚያስተኛ ምክንያት የለም። ሱቁ ባለበት በኩል ሲያልፉ እሱ በሌላኛው መስኮት አየ።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ውኃውን አፍልታ፣ አብርዳ፣ ብሩሹን ይዛ ቆመች። ይምጣ አይምጣ አላወቀችም። ምናልባት ራሱ ሊያጥብ ይፈልግ ይሆናል፤ ቢፈልግ ምን ትለዋለች? መጣ። መስኮቱ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ውስጠኛውን ቱቦ ጠምዝዞ አወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው እጁን ዘርግቶ ሰጣት።

ተቀበለችው። አንዴ ፈተገችው። ሁለቴ ፈተገችው። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል እጇ ቆመ። እስከ ትናንት ድረስ ይህ እጅ ሳትጠይቀው ያውቅ ነበር፤ አሁን የት ላይ እንደሚበቃ ጠፋበት። ትንሽ ቢጨምር የሚሰበር፣ ትንሽ ቢቀንስ የሚያፍን ሆነባት። ቱቦው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ አይጎዳም። ይህንንም ታውቃለች። ውኃውን ዘጋችው።

«ይበቃ ይሆን?» አለችው።

በዕድሜዋ ይህንን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። እሱ ቱቦውን ወሰደና እሷ ብርጭቆ እንደምታየው ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው። እሷም ከቆመችበት አየችው። ጎበጥ ካለበት ላይ ቢጫ የደረቀ ነገር ተጣብቋል። እሱም አይቶታል፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ሲቆም አውቃለች። ከዚያ ዓይኑን ከቱቦው አንሥቶ ወደ እጆቿ ወሰደው። ብሩሹን በሁለቱም አጥብቃ ይዛው ነበር።

ቱቦውን መልሶ አንገቱ ውስጥ አስገባና ጠምዝዞ ቆለፈው። ጣቱን አደረገበት።

«ንጹሕ ነው፣ እታለም» አላት።

ጣቱን ሲያነሣ ትንፋሹ በቱቦው አለፈ፤ ያፏጫል። መልሰህ ስጠኝ፣ አንዴ ደግሞ ልጠበው ልትለው አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣላትም። ብሩሹን እንደያዘች ቆማ ፉጨቱን አዳመጠች።